በጾም የተጨመቀ ቀይ ሥር

ጋሽ ይሄይስ የእናቴን ደም እየጨመቀ ወንድሜን እንደሚያጠጣው የደረስኩበት በዐቢይ ጾም ነበር። ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ለማንም አልተናገርኩም። በግቢያችን ውስጥ የማምነው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ይሄይስ ተከራያችን ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ሰቆጣ የመጣ የታዳጊዎች ኳስ አሰልጣኝ ነው። ከእኛ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራውን ክፍል፣ አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ አከራየችው። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ በር ሲገባ ጎንበስ ማለቱን ይረሳና ግንባሩን ይመታል፤ ከዚያ በሩን እየደባበሰ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን በርን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ አምን ነበር።

ወንድሜ ዝናቡ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበር። በዚያ ሰሞን በቤታችን የሚወራው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለዞኑ ውድድር ከወልድያ መልማይ ይመጣል ይባላል። መልማይ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ልጅ መርጦ የሚወስድ ሰው መሆኑን ግን ሰምቻለሁ። ልጅ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጥሩ ሰው ሊሆን አይችልም።

ነገሩ የተጀመረው ጋሽ ይሄይስ ከሥልጠና የተመለሰ ዕለት ነው። እናቴ በወንዙ ዳር ካለችው መሬታችን ያወጣችውን አትክልት ለገበያ እያጠበች ነበር። እሱ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አንድ ቀይ ሥር አንስቶ በእጁ ያገላብጠው ጀመር።

«እትዬ ብርሃነሽ፣ ይቺን ጥሬዋን ፍቆ፣ ጨምቆ፣ ውሃዋን መጠጣት ነው። ሥልጠናው ላይ ነገሩን። የሚጠጡ ልጆች ትንፋሻቸው ቶሎ አይቆረጥም፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እግራቸው አይከብድም ይላሉ።»

«ይላሉ ነው፣ ወይስ አይተሃል?» አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

«እኔስ አላየሁም። ይላሉ።»

«እና በልጄ ልትሞክረው ነው?»

«መርዝ አይደል፣ እትዬ። እርስዎ በየገበያው የሚሸጡት ነው።»

«የሚገዛኝ ሰው ቀቅሎ ነው የሚበላው።»

ጋሽ ይሄይስ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ቀይ ሥሩን ከእጁ ተቀብላ አጠበችውና፣ «መቼ ነው የሚጠጣው?» አለችው።

«ከልምምዱ ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሜዳ ከገባን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ማለት ነው።»

«ስድስት ሰዓት።»

«ጾም መሆኑን አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለዚህ ነው ቀድሜ እርስዎን የጠየቅሁ።»

«አባ ካሤን ሳልጠይቅ አይሆንም» አለች እናቴ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዤ የሄድኩት ሁለት ቃል ነው። አንዱ መርዝ ነው። ሌላው ልትሞክረው።

አባ ካሤ የንስሐ አባታችን ናቸው። በማግስቱ መጡ። እናቴ ከእሳቸው ጋር የምታወራው በኽምጥኛ ነው። እኔን ደግሞ ትምህርት ቤት እንዳይከብደኝ ብላ በአማርኛ ነው ያሳደገችኝ፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ትልልቅ ነገር ሲወራ እኔ ከውጭ ነኝ። ከበሩ ሥር ተቀምጬ አንዳንድ ቃል ለቀምኩ። ልጅ የሚለውን ሰማሁ። ፀሐይ የሚለውን ሰማሁ። እኔ፣ እኔ፣ እኔ የሚለውን ደጋግሜ ሰማሁ፤ እናቴ ናት የምትለው። አባ ካሤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናቴ መስቀላቸውን ይዛ ትለምናለች። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሱና ብድግ አሉ።

በሩ ላይ ሲደርሱ አዩኝና በአማርኛ ጨረሱት። «ብትደክሚ ተመልሰሽ ንገሪኝ። ደብቀሽ እንዳትወድቂ።»

«እሺ አባቴ» አለች እናቴ። ፊቷ የፈለገችውን ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ ረፋዱ ላይ፣ እናቴ በጨርቅ የተሸፈነ ሰፌድ ይዛ ጋሽ ይሄይስ ክፍል ትገባለች። በሩ ይዘጋል። በሩ ላይ አንዲት ስንጥቅ ነበረች፤ ዓይኔን አስጠግቼ የማየው እየተቆራረጠ ነው። በሚስማር የተበሳሳ ቆርቆሮ አያለሁ። የእናቴን ክንድ አያለሁ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል። ነጭ ጨርቅ ሲጠመዘዝ አያለሁ። ከዚያ ቀይ ነገር፣ አረፋ ያለው፣ ጋሽ ይሄይስ በያዘው ሃይላንድ ውስጥ ሲወርድ አያለሁ። እናቴ ስትወጣ እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ ቀይ ነው።

«ምንድን ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ቀይ ሥር ነው።»

ቀይ ሥር አውቃለሁ። የምንሸጠው ነው። ከድንች ጋር ተቀቅሎ በዓመት በዓል ይቀርባል፤ ጥፍርን ትንሽ ያቀላል እንጂ ሃይላንድ አይሞላም። እንደ ደም አረፋ አያወጣም። ደግሞ ቀይ ሥር ከሆነ በሩ ለምን ይዘጋል?

ከጭማቂው የቀረውን አሰር ለዶሮዎቹ ትበትነዋለች። ሄጄ አየሁት። ቀለሙ ተሟጦ፣ ደብዝዞ፣ እርጥብ ወረቀት መስሏል። ዶሮዎቹ አፋቸው ቀልቶ ቀና ብለው ያዩኛል። ጨምቀው ቀለሙን ወሰዱለት አልኩ በልቤ። ያኔ የምፈራው ለቀይ ሥሩ ነበር።

ዝናቡ ከትምህርት ቤት ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ጓደኛውና የቡድኑ አጥቂ ቅጣውም አብሮት ይመጣል። ግራ ቀኝ አይተው ጋሽ ይሄይስ ክፍል ይገባሉ። አፋቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ። ይህ የሆነው ጎረቤት ጾም ሲሽሩ እንዳያይ ነው፤ አሁን ሳስበው የሚያሳፍርም የሚያስቅም ነው። ቅጣው ጾሙን ድሮም በገበያ ሙዝ ይሽር ነበር፣ ዝናቡ ግን በዚያ ዕድሜው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አፉን የማያስነካ ልጅ ነበር። ያኔ እኔ የማየው ግን እንደ ሌባ የሚገቡ፣ ከንፈራቸው ቀልቶ የሚወጡ ሁለት ልጆችን ነው።

አንድ ቀን ከልምምድ በፊት፣ ከካቡ ኋላ ሆኜ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

«ጋሼ» አለ ዝናቡ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «ደም ሸናሁ።»

ጋሽ ይሄይስ መጥቶ የሸናበትን ድንጋይ አየ። እኔም በካቡ ቀዳዳ አየሁ። ቀይ ነው።

«ደም አይደለም። የጠጣኸው ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ እንዲህ ሆኖ ይወጣል።»

«የእኔማ እንደ ድሮው ነው» አለ ቅጣው። «አንተ ላይ የወጣው ኃጢአትህ ነው፣ ዝናቡ። ጾም መሻር ያልለመደ ሰው እንዲህ ያረገዋል።»

«አንተ ዝም በል» አለው ጋሽ ይሄይስ፤ ሳቁን ግን አልቻለም። ከዚያ ወደ ዝናቡ ዞሮ፣ «ለእናትህ እንዳትነግራት። በከንቱ ትደነግጣለች» አለው።

ለእናትህ እንዳትነግራት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴን ማየት ጀመርኩ። ልጅ እናቱን አያይም፤ እናት እንደ ቤት ምሰሶ ቆማ የምትኖር ናት። እኔ ግን ማየት ጀመርኩና አንገቷ መቅጠኑን አየሁ። አምባሯ ወደ ክርኗ ሲሸሽ አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለእኔ፣ ከሜዳ ሲመለስ ደግሞ ለዝናቡ ታቀርብና እሷ ቆማ ታስተናግዳለች።

«አንቺስ?» ይላታል ዝናቡ።

«ኋላ እበላለሁ።»

ኋላ መቼ እንደሆነ አላይም፤ እኔ ገና ሳይመሽ ነው የምተኛው። ዝናቡም ከልምምድ ሲመለስ ደክሞት ቶሎ ይተኛል። ግን ዝናቡ በየቀኑ ይደምቃል። ጉንጩ ሞላ። ከሜዳ ሲመጣ የሚያወራው፣ ዛሬ ማንም አልደረሰብኝም፣ ሳንባዬ እንደ ወናፍ ነው የሚለውን ነው። እናቴ ትሰማዋለች፤ እየሰማች ግድግዳውን ይዛ ትቆማለች።

ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቅዳሜና እሑድ ልምምድ የለም፤ እናቴ ያን ክፍል አትገባም። በእነዚህ ሁለት ቀኖች ጠዋት አብራን ትበላለች። ፊቷ ትንሽ ይመለሳል። ሰኞ ሲመጣ እንደገና ይወርዳል። ቅዳሜና እሑድ በሰዓት እንደማይጾም አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ እኔ ራሴ ያን ቀን ጠዋት እበላ ነበር። ግን የሚጠራጠር ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ለጥርጣሬው ነው የሚገብረው።

ጎረቤታችን እታለም አንድ ረፋድ አጥሩ ላይ ጠርታኝ ቆሎ በእፍኜ ሰጠችኝ። እታለም ቆሎ ስትሰጥ ወሬ ትቀበላለች።

«አንቺ አገኘሁሽ፣ እናትሽ በዚያ በጎጃሜው ክፍል ምን ትሠራለች?»

«አላውቅም።»

«በሩን ይዘጉታል?»

«አዎ።»

«ይዘጉታል» አለች ለራሷ። «እና ስትወጣ እንዴት ናት?»

«እጇ ቀይ ነው። ትደክማለች።»

እታለም እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ወይ ብርሃነሽ። ለዚህ ነው እንዲህ የከሳሽው» አለች። እኔ በጣም ተጽናናሁ። ያየሁትን ያየ ሌላ ሰው አገኘሁ አልኩ። እታለም ስለ ደም አንዳች እንዳላሰበች፣ ባሏ የሞተባት ሴትና የተዘጋ በር ሲገናኙ መንደር ምን እንደሚያስብ የገባኝ ራሴ ጎረምሳ ከቤታችን በር የሚመልሱልኝ ዕድሜ ላይ ስደርስ ነው።

ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር መጣች። እናቴን አየቻትና ከልፋቷ አስቁማ፣ የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ጎተተችው።

«ደም የለሽም እኮ፣ እትዬ ብርሃነሽ። እዪ እንዴት ነጥቷል።»

«የጾም ነው» አለች እናቴ።

ደም የለሽም ነው ያለቻት። በጆሮዬ ሰማሁ። ታዲያ የት ሄደ? ዶሮዎቹ ዘንድ ሮጥኩ። የዕለቱ አሰር መሬት ላይ ተበትኗል፤ የደበዘዘ፣ የተጠመዘዘ። ወደ እናቴ ዞሬ ፊቷን አየሁ። አንድ ናቸው። እሷንም ጨምቀው ቀለሟን ወሰዱላት።

እናቴ ልትሞት ነው አልኩ። የማስቆመው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

አባ ካሤ ዘንድ ሄድኩ። ከቅዳሴ ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። እያለቀስኩ አይደለም፤ ማልቀስ ያቆምኩ መስሎኝ ነበር።

«አባ፣ እናቴ ደሟ እያለቀ ነው። ዝናቡ ስለሚጠጣ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነገረሽ?»

«አይቻለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ» አሉ። «ብላትስ መቼ ትሰማለች።»

ያውቃሉ። እሳቸውም አሉበት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። እናቴን በኽምጥኛ ተቆጧት፤ ቁጣ በየትኛውም ቋንቋ ይታወቃል። በመጨረሻ እንደ ልማዳቸው በአማርኛ ዘጉት። «አሁን ይበቃል፣ ብርሃነሽ። ልጅቱም አውቃለች።»

«ጨዋታው ይለፍ፣ አባቴ። ዐርብ ነው።»

እሳቸው ሲወጡ እናቴ ከፊቴ ቁጢጥ አለች። እጇ ቀይ ነበር፤ ታጥባዋለች ግን የጥፍሯ ሥር አልለቀቀም። በዚያ እጅ ጉንጬን ያዘችኝ።

«ለዝናቡ እንዳትነግሪው።»

«ለምን?»

«ከነገርሽው አይጠጣማ።»

«ታዲያ አይጠጣ።»

«አይ። ይጠጣ። ይሩጥ።»

«አንቺስ ብታልቂ?»

ሳቀች። ሳቋ ሳይቀር ቀጥኗል። «አላልቅም። ለልጅ ብሎ ያለቀ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አባቴ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ነው የቀረው። አይቻለሁ ልላት ፈልጌ ነበር። እንግዲህ እናቴ እያወቀች ነው። ወዳ ነው የምትሰጠው። ማንን ልክሰስ?

ዐርብ ሰቆጣ ሜዳው ሞልቶ ነበር። ከጋዝጊብላ በእግር የመጡ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የእኛ ሰዎች በሌላው ቆመዋል። አቧራው ገና ጨዋታው ሳይጀመር ተነሥቷል። ጋሽ ይሄይስ በመስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሃይላንዷ በእጁ ናት። መልማዩ የቱ እንደሆነ ቅጣው ቀደም ብሎ በአገጩ አሳይቶኝ ነበር፤ ኮፍያ ያደረገ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ልጅ የሚወስድ ሰው እንዲያ ያስነጥሳል ብዬ አልጠበቅሁም።

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ቆመች። ዝናቡን እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። የጋዝጊብላው ተከላካይ መጀመሪያ ተከተለው፣ ከዚያ ማሊያውን ያዘው፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያየው ጀመር። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገባ። ሲያገባ ወደ እኛ ነው የዞረው። እናቴ እጇን ከትከሻዬ አንሥታ አፏን ሸፈነች።

ከዕረፍት በኋላ ጋዝጊብላዎች አቻ ሆኑ። ዝናቡ አልደከመም። ሌሎቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያደርጉ እሱ ይጮሃል፣ ስጡኝ ይላል። እኔ ኳሱን ትቼ የእናቴን እጅ አዳምጥ ነበር። ትከሻዬ ላይ ይከብድ ነበር። ከዚያ ቀለለ። ከዚያ የለም። ዘወር ስል እናቴ በጉልበቷ ተንበርክካለች፣ ከዚያም በጎኗ ወደቀች።

ሰው ከበበን። ጋሽ ይሄይስ መስመሩን ትቶ ሮጦ መጣ፤ ራሷን በክንዱ ደገፈና ሃይላንዷን ከፍቶ ወደ አፏ አስጠጋ።

«እትዬ ብርሃነሽ፣ ትንሽ ይጠጡ። ይኼ ኃይል ይሰጥዎታል። አንድ ጉንጭ ብቻ።»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። እሱን አየችው። ከዚያ በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ሰማዩን አየች። ከዚያ ከንፈሯን ገጥማ ዘጋች። ቀዩ ነገር በአገጯ ወርዶ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ።

አወቀች አልኩ። ሲጨርሷት ጊዜ አወቀች። እንዲህ ያለ ደስታ በዚያ ሰዓት ተሰምቶኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

«አትጠጣም» አለች ከኋላ እታለም፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የገዛ እጇ የጨመቀውን አትጠጣም።»

ጉምጉምታው እንደ ንብ ተነሣ። ምን አጠጥቷቸው ነው? ለምን እሷ እንቢ አለች? አንዷ እናት ልጇን በስም ጠርታ ከሜዳ ና አለችው።

ዝናቡ በዚያን ጊዜ ኳሱ እግሩ ሥር ነበር። በመስመሩ ዳር፣ ከእኛ ጥቂት ርምጃ ላይ። ቆመ። የሚያየው የወደቀችውን እናታችንን ብቻ አይደለም፤ የተዘጋ አፏን ነው። የጋዝጊብላው ልጅ መጥቶ ኳሱን ከእግሩ ሥር እንደ ተጣለ ነገር ወሰደው። ሄደ። አገባ።

መልማዩ ቅጣውን መረጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም። የሌሎቹ ልጆች እናቶች ጋሽ ይሄይስ የሰጠውን ሁሉ አትንኩ አሉ። እታለም የቀረውን ሠራች። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ዕቃውን ተሸክሞ ሲወጣ እንደ ወትሮው ግንባሩን በሩ መታው፤ ያን ቀን ይቅርታ አልጠየቀውም። እናቴ ቆማ ሸኘችው። «በእኔ ነው፣ ወንድሜ» ስትለው ሰማሁ። ለእኔ ያ ቃል ትርጉም አልሰጠኝም። እኔ እናቴን ከሞት ያተረፍኳት መስሎኝ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ወዘናዋ ተመልሶ ነበርና።

ዝናቡ ትምህርቱን ጨርሶ ወልድያ ገባ። መጀመሪያ የመኪና ረዳት ሆነ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የሰፈር ልጆች ኳስ ማሠልጠን ጀመረ። እናቴን አልተጣላትም። ብር ይልካል፣ በበዓል ይመጣል። ግን ከእሷ ጋር ስለ ኳስ አውርቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፏን ዘጋችብኝ» አለኝ። «ብትወድቅ ምንም አይደል። መልማዩ እያየ፣ እንደ መርዝ ቆጥራ አፏን ዘጋችብኝ። አሠልጣኜን ያባረሩት በዚያ ነው። እኔንም ያስቀረኝ ያው ነው።» እኔም መርዝ ነበር የሚለውን ሙሉ በሙሉ ከልቤ አላወጣሁም ነበር።

ባለፈው ክረምት እናቴ ታመመች። ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ደሟ አንሷል አሉን፤ ከመድኃኒቱ ጋር እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ስጧት ሲሉ ቀይ ሥርም ጠሩ። ቤት ሄጄ ፈቀፈቅሁ። በነጭ ጨርቅ ጠመዘዝኩ። እጄ እስከ አንጓዬ ቀላ። በሩን አልዘጋሁም። አረፋውን ሳይ አንገቴ ላይ ብርድ ሄደ፤ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ።

ደግፌ አጠጣኋት። አንድ ጉንጭ ዋጠችና ፊቷን አጨማደደች።

«ጣዕሙ እንዲህ ነው እንዴ?»

«ቀምሰሽው አታውቂም?»

«የት ልቅመሰው። መሬት መሬት ይላል።» ደግማ ጠጣች። «ምስኪን ልጄ፣ ይኼን ጠጥቶ ነው የሚሮጠው።»

«ሜዳው ላይ ሰጥተውሽ ነበር እኮ» አልኳት። «አፍሽን ዘጋሽ።»

ገርሟት አየችኝ። ያወቅሁ መስሏት ኖሯል፤ አባ ካሤ ልጅቱም አውቃለች ካሉበት ቀን ጀምሮ አውቃለች ብላ ነው የኖረችው።

«ፀሐይ መቼ ጠልቃ» አለች።

ከዚያ ቀስ እያለች፣ እያረፈች ነገረችኝ። ዝናቡ ስድስት ሰዓት ላይ ሲጠጣ የሚጎድለውን ሰዓት እሷ ልትጾምለት አባ ካሤን ለመነቻቸው። እሳቸው ልጁ ልፋት አለበት፣ ፈቅጄለታለሁ፣ በቂ ነው አሏት። አይበቃም አለች። እሱ ሦስት ሰዓት ከቀደመ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ ልቆይ አለች። ረቡዕና ዐርብ ብቻ ይሁን አሏት፤ እሷ የሥራውን ቀን ሁሉ አደረገችው። ከዚያ ላይ የወንዝ ዳሩ ውሃ ማጠጣት አለ፣ ገበያ አለ። ጋሽ ይሄይስ አያውቅም፤ ቢያውቅ ይተወው ነበር። ዝናቡ ቢያውቅ አይጠጣም። የሚያውቁት እሷ፣ አባ ካሤና፣ እንደ መሰላት፣ እኔ ነበርን።

«ያን ቀን ትንሽ ነበር የቀረው» አለች። «ፀሐይዋን አይቻት ነበር። ከተራራው ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብላ ነበር። ይኼን ሁሉ ቀን ይዤ፣ በመጨረሻው ቀን እንዴት ላፍርስበት?»

«ለዝናቡ ብትነግሪው ኖሮ።»

«የተነገረ ጾም ምን ጾም ነው? እኔ ስሄድ አንቺ እንደ ወደድሽ።»

ጽዋውን ጨርሳ መለሰችልኝ። ከንፈሯ ቀይ ነበር። ዕድሜ ልኬን የፈራሁት ቀለም፣ እናቴን ለአንድ ከሰዓት ልጅ አስመሰላት።

ያ ቀይ ሥር ለወንድሜ እግር ምን እንደጨመረለት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ ይሄይስም «አላየሁም፣ ይላሉ» ብሎ ነው የጀመረው። አንዳንዴ ዝናቡን ያስሮጠው ሌላ ነገር ነው እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እንዲህ ማለት የእኔ የድሮ ጥርጣሬ ሌላ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው እላለሁ።

እናቴ በመስከረም ዐረፈች። የአርባ ቀኗ ተዝካር ዕለት ዝናቡ ከወልድያ በሌሊት ተነሥቶ ደረሰ። ሰው ድንኳኑን ሞልቶ፣ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ነበር። ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ከቤቱ ኋላ፣ ካቡ አጠገብ ብቻውን አገኘሁት። ጋሽ ይሄይስ ይኖርባት የነበረችውን ክፍል በር እያየ ነበር።

«አሁን እኔ ጋ ያሉትን ልጆች ቀይ ሥር አጠጣቸዋለሁ» አለኝ ሳልጠይቀው። «እናቶቻቸው ራሳቸው ናቸው የሚያመጡልኝ። እየቀመሱ። የእኛዋ ብቻ...» አልጨረሰውም። በተዝካሯ ቀን መሆኑን አስታወሰ መሰለኝ።

ብዙ ልነግረው አስቤ ነበር። የዓይኗን ሽፋን፣ አምባሯን፣ አባ ካሤ የተቆጧትን ቀን። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ብቻ ነው።

«ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር፣ ዝናቡ።»

አልገባውም። ከዚያ ሲገባው አየሁ። የተረዳው ከእኔ ቃል አይመስለኝም፤ የራሱን ስድስት ሰዓት፣ የተዘጋውን በር፣ በማዕድ ሰዓት ቆማ የምታስተናግድ እናቱን አንድ በአንድ ሄዶ አገኛቸው። እጁን ካቡ ላይ አሳረፈ።

«ማን ነው እንድትጾምልኝ ያዘዛት?»

«ማንም። አባ ካሤን ለምና ነው።»

«በየቀኑ?»

«በሥራ ቀን ሁሉ።»

ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከአባ ካሤ አጠገብ ተቀመጠ። አሁን ዓይናቸው ብዙ አያይም፤ እጁን በእጃቸው ፈልገው ያዙት። ማዕዱ ቀረበ። ሰው ሁሉ በላ። ዝናቡ የቀረበለትን ነክቶት አላየሁም። ተነሥቶ እንግዳ ማስተናገድ ጀመረ፤ ውሃ ያስታጥባል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ለሽማግሌ ቦታ ይለቃል።

እታለም አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን አላረጀም። ሁሉም በልቶ ሲያበቃ እንጀራው ያልተነካ ሰሃኑን አይታ ጠራችው።

«ምነው አንተ ልጅ፣ በእናትህ ማዕድ አፍህን ዘጋህ?»

ዝናቡ በድንኳኑ አፍ በኩል ወደ ተራራው ተመለከተ። ፀሐይዋ ገና ከላይ ነበረች።

«ኋላ እበላለሁ» አላት።

ሰሃኑን አንሥቼ በሰፌድ ከደንኩለት።